አባባ አቦ ናቸው ብለው የሳሙት ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬን ከዮጋ ክላስ ልወስዳት ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ሄድኩ። ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ሰፈሩን ስዞር ስዞር ቆይቼ፣ በስንት መከራ አንድ ጥግ አግኝቼ፣ ንድድ ብሎኝ ነው የገባሁት። በሩን ስከፍት አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። ካፉር ነው፤ ያ እንደ ጉንፋን ቅባት አፍንጫ በርግዶ የሚገባው። ቀና ስል ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሏል። እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ እባብ ጠምጥሞ። ሺቫ። የነሐስ ነው፣ የዓመት ሕፃን ያህላል። ባለ ሦስት ጣቱ ጦሩ ላይ የመኪና ቁልፍና የጆሮ ማዳመጫ ሰቅለውበታል።

ክው ነው ያልኩት። እንዲያው ምን አገባኝ? በሰማንያ ቀኔ የተጠመቅሁ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ የሕንድ አምላክ ጦር ላይ ቁልፍ ተሰቀለ አልተሰቀለ ለኔ ምኔ ነው? ግን ደሜ ፈላ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ፣ "ደስ አይልም? እንዲያረጋጋን ነው ያስቀመጥነው። ማን እንደሆነ እንኳ ብዙም አላውቅም" አለችኝ።

"ቁልፉን አውርጂለት" አልኳት።

"ይቅርታ?"

"ቁልፉን። አውርጂለት።"

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ አወረደችው። ጓደኛዬ ላቧን እየጠረገች ስትወጣ ይህን ሁሉ አይታ ኖሮ፣ መኪና ውስጥ እንደገባን፣ "አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? ከመቼ ወዲህ ነው የሺቫ ጠበቃ የሆንሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? አያቴ አንድ ሰመር ሙሉ ይህንን አምላክ ሲስሙት ከረሙ ልበላት?

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ሬድመንድ። አባዬ የአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፣ እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አባባ የምላቸው አያቴን ነው፣ የአባዬን አባት። ልባቸውን ሊታከሙ ከአገር ቤት፣ ከቡኢ መጥተው ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛሉ። ሐኪሙ ለአባዬ ሲያስረዳ እንደሰማሁት፣ አባባ ልብ ውስጥ አንድ በር አለ፣ በሩ አልገጥም ብሏል። እኔ እውነተኛ በር ነበር የመሰለኝ። ቀን ጋደም ሲሉ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጥፌ ሲንኳኳ አዳምጥ ነበር። ሰው ውስጥ በር መኖሩ ራሱ ለብዙ ቀን አስደንግጦኛል።

ኦፕራሲዮኑ ለሰመሩ መጨረሻ ተቀጠረ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ወላጆቼ ሥራ ናቸው። ሶ፣ እማዬ ጠዋት ስትወጣ ጮክ ብላ፣ "አባባ፣ ልጅቷን አደራ፣ ይጠብቁልኝ" ትላቸዋለች። ከዚያ ጫማዬን የምታስር መስላ ጎንበስ ትልና በጆሮዬ፣ "አባባን ጠብቂ፣ ኦኬ?" ትለኛለች። እንዲህ እርስ በርስ ስንጠባበቅ እንውላለን።

ሽመልስ ደግሞ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው በስልክ ብቻ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ "የኔ ፈረንጅ" ይለኛል፣ ሲስቅ ስልኩ ይርገበገባል። አባባ "ይህን ልጅ ሳላይ ደረቴን አላስቀድድም" ስላሉ የጎብኚ ቪዛ አመልክቶ የኤምባሲ ቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬና እማዬ "ልብስ አጥበን እንምጣ" ብለው ወደ ላውንደሪ ክፍሉ ወረዱ። የልብሱን ቅርጫት ግን ረስተውታል። እኔ መቼም ጨዋ ልጅ ነኝ፣ ቅርጫቱን እየጎተትኩ ተከተልኳቸው።

በሩን ስገፋው ማድረቂያዎቹ በሙሉ ባዶአቸውን ይሽከረከራሉ። አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግንባሩን ማድረቂያው ላይ ደፍቶ ይጮኻል። ጩኸቱን ማሽኑ እየዋጠው አፉ ብቻ ነው የሚታየኝ። እማዬ ደረቷን ትመታለች። ድምፁ አባባ ዘንድ እንዳይደርስ ነው ማሽን ሁሉ ያስነሡት። እኔ አባት የሚያለቅስ አይመስለኝም ነበር።

አባዬ ሲያየኝ በጉልበቱ እየሄደ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። "ሽመልስ የለም" አለኝ። "መኪናው ተገለበጠ። ስሚኝ፣ ለአባባ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። አሁን ከሰሙ ልባቸው ቀጥ ይላል። መርዶው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው፤ ሲያገግሙ።"

ለኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አፌን ከከፈትኩ አባባ ይሞታሉ። እማዬ ፊቷን በልብስ ማጠቢያው ውሃ ታጠበች፣ ከንፈሯን ቀለም ቀባች፣ ያልታጠበውን ልብስ እንደታጠበ አጣጥፋ ያዘችና ወጣን።

ገና በሩን አልፈን ሳንገባ አባባ፣ "ሽመልስ ደወለ እንዴ?" አሉ።

"አዎ፣ አሁን ኮል አድርጎልኝ ነበር" አለ አባዬ። "ጭኖ ወደ ሞያሌ እየሄደ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ሰላም ይልዎታል።"

"ቪዛውስ?"

"ቀጠሮ እየጠበቀ ነው፣ አባባ።"

ኧረ በስመ አብ! ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አሁን፣ አሁን መሬት ላይ የነበረ ሰው! አባዬ እንዲህ መዋሸት የሚችል ሰው መሆኑ ከሞቱ እኩል አስደነገጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገራችን ሰዎች ከሲያትልም ከታኮማም እየተጠራሩ ይመጡ ጀመር። ሳሎን ገብተው አባባን "እግዜር ይማርዎት" ይላሉ፤ ወጥ ቤት ገብተው እማዬን "እግዜር ያጽናሽ" ይሏታል። አባባ "ፈረንጅ አገር ያለ ሰው እንዲህ ጠያቂ ነው?" እያሉ ይመርቋቸዋል።

ጎረቤታችን ናኒ ነበረች፣ ሕንድ አሮጊት። የልጅ ልጇ ናኒ ስለምትላት እኛም ናኒ አልናት። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ ስለዚህ ይኸው እስከ ዛሬ አንቺ እንዳልኳት ነው። ልጇ ሥራ፣ የልጅ ልጇ መዋያ ሲሄዱ እሷም እንደኛ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። አንድ ጠዋት እኔና አባባ ኮሪደር ላይ ብቅ እንዳልን በሩ በራሱ ተቆለፈብን። ቁልፍ የለ፣ ስልክ የለ። ናኒ ሰምታ ወጣችና በእጇ ግቡ፣ ግቡ አለችን።

ሳሎኗ ካፉር ካፉር ይሸታል። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተደረገ፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ትልቅ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ አበባና የናስ መብራት። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ይጋርደዋል፤ እየዳበሱ ቀረቡት። ጠጉሩ የተገመደ፣ ገላው አመድ የመሰለ ሰው፣ ተራራ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከሥሩ የነብር ቆዳ ተነጥፏል። አጠገቡ እንስሳ ተኝቷል። ሰማያዊ አንገቱ ላይ እባብ ተጠምጥሟል። ከራሱ ላይ ውሃ ይፈልቃል።

"አቦዬ!" አሉ አባባ። "አቦዬ ጻድቁ! እዚህም አሉ?"

አቦ ለሶዶ ሰው ምን እንደሆኑ የሶዶ ሰው ያውቀዋል። አንበሳና ነብር አስከትለው በረሃ የኖሩት ጻድቅ ናቸው፤ ገዳማቸው ምድረ ከብድ ለአባባ ቤት ቅርብ ነው፤ አባባ ሲያስነጥሳቸው እንኳ የሚጠሩት እሳቸውን ነው። እኔ ግን ቤታችን ያለውን የአቦን ሥዕል አውቀዋለሁ።

"አባባ፣ ጺም የላቸውም እኮ" አልኩ።

"ፈረንጅ ስሏቸው ነዋ!"

"እባቡስ?"

"አውሬ ሁሉ ይገዛላቸው የለም እንዴ? እባብ ምን ቁም ነገር ነው?"

"ከራሳቸው የሚወርደው ውሃስ?"

"ጸበላቸው ነው፣ አንቺ ልጅ! ዝም በይ አሁን።"

ተንበረከኩ። መስታወቱን ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ተሳሉ። "አቦዬ፣ የሽመልስን ቪዛ ያቃኑለት። የልጄን ዓይን ሳላይ አይውሰዱኝ። ይህን ካደረጉልኝ ምድረ ከብድ ድረስ ሄጄ ዣንጥላ አገባለሁ።"

ሽመልስ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ናኒ አንድም ቃል ሳይገባት እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ታያቸዋለች። ቀስ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ "ይሄ ማን ነው?" አልኳት።

"ሺቫ ነዋ። ጌታ ሺቫ። አያትሽ ያውቁታል እንዴ?"

"ቅዱስ ነው?"

"አምላክ ነው" አለች፣ ደስ ብሏት።

ጉድ ፈላ! በሰንበት ትምህርት ቤት ለጣዖት የሰገደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ተምሬያለሁ። አባባ፣ ጾም የማያስታጉሉት አባባ፣ ሕንድ ቤት ገብተው ተንበርክከዋል። ልንገራቸው? ከነገርኳቸው ይደነግጣሉ። ከደነገጡ ልባቸው ቀጥ ይላል። አንዱን ምሥጢር ሳልችል ሁለተኛ ተጨመረልኝ።

ከዚያ በኋላ አባባ በየጠዋቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ነይ፣ አቦን እንሳለም" ይሉኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥዕሉ ፊት ይቀመጣሉ፤ አባባ ወንበር ላይ፣ ናኒ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ። እሳቸው ውዳሴ ማርያም ያነበንባሉ፣ እሷ የራሷን ታጉተመትማለች፤ አንዱ የሌላው አይገባውም። አባባ ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ሴትዮዋ ጸሎተኛ ናት፣ እንዲህ ያለ ሰው አሜሪካ አለ አላልኩም ነበር" ይሉኛል።

አንድ ቀን አባባ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፉ ስለ ሥዕሉ ጠየቅኋት። ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ያየሁትን ዮጋ አስታውሼ፣ "ለምንድነው እግሩን የሚያጥፈው?" አልኳት።

"እግር ማጠፍማ ፍየልም ታጥፋለች" አለችና ሳቀች። "ዮጋ እሱ አይደለም። የሰው ልብ ቀኑን ሙሉ ወዲህ ወዲያ ይሮጣል፤ ያንን ይዞ አስቀምጦ አብሮት መቀመጥ ነው። እሱ መጀመሪያ ስለተቀመጠ ነው እኛ የምንቀመጠው።"

"ለምን አመድ ተቀባ?"

"የሚቀመጠው ሬሳ የሚቃጠልበት ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሙታኑን አቃጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማንም እዚያ ማደር አይፈልግም። እሱ ግን ከሞተው ጋር ይቀራል። አመዱ የነሱ ነው።"

ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። አባባ ቪዛ የሚለምኑት ሬሳ ጠባቂውን ነው! ወሬ ልቀይር ብዬ፣ "አንገቱስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?" አልኩ። ምነው ዝም ባልኩ ኖሮ።

"ድሮ አማልክቱና ጠላቶቻቸው የማያስሞት መጠጥ ፍለጋ ባሕሩን እንደ ወተት ናጡት" አለች። "ሲንጡት መጀመሪያ የወጣው መርዝ ነው። ዓለሙን ሊፈጀው ሆነ፤ ሁሉም ሸሸ። እሱ ግን አነሣና ጠጣው። ቢውጠው እሱን ይገድለዋል። ቢተፋው ሌላውን ይገድላል። ስለዚህ ጉሮሮው ላይ ያዘው። ከዚያ ወዲህ አንገቱ እንዲህ ነው።"

እጄ ሳላዝዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ቢተፋው ሌላውን ይገድላል! ይሄማ የኔ ነገር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ወንበር ላይ ቆሜ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት አንገቴን አየው ጀመር። መብራት ሲበራ አየዋለሁ፣ መስኮት ጋ አየዋለሁ። የአባዬንም አያለሁ። እራት ላይ አባባ "ሽመልስ ምን አለ?" ሲሉት ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆሞ ሲቀር፣ አባዬም ሰማያዊ ሊሆን ነው ብዬ አንገቱ ላይ አፈጣለሁ። "ምን አፈጠጠችብኝ ይቺ?" ይላል።

ከዚያ የአይስክሬም መኪናው መጣ። አባባ ሁልጊዜ አንድ በረዶ ይገዙልኛል፣ ያን ቀን ሰማያዊውን መረጥኩ። በልቼ ጨርሼ እጄን ልታጠብ መስታወት ፊት ስቆም ምላሴ፣ ጥርሴ፣ ጉሮሮዬ እስከማየው ድረስ ሰማያዊ! በረዶውን አላስታወስኩትም እኮ። መርዙ ወጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። እሪ ብዬ ናኒ ቤት በረርኩ።

"መርዝ! መርዝ አለብኝ!" አልኩ። አፌን ከፈትኩላት።

ናኒ ልትስቅ ነበር፣ ፊቴን ስታይ ተወችው። አፌን በውሃ አጉመጠመጠችኝ፣ ቀለሙ ሲወርድ አሳየችኝ። አፌ ግን አንዴ ተከፍቷል። ሽመልስ መሞቱን፣ አባባ አለማወቃቸውን፣ ልባቸው ቀጥ እንደሚል፣ ማድረቂያውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። አቦንም ነገርኳት። "አባባ ያንቺን አምላክ የኛ ጻድቅ መስለዋቸው ነው። ካወቁ ይሞታሉ" አልኳት።

ናኒ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። "ለሞተ ልጅ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ የሚለምኑት?" አለች። ድንጋጤዋን ሳይ የኔ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ፣ "የልጁ ስም ማን ነው?" አለችኝ።

"ሽመልስ።"

"ሺሜሊስ" አለች፣ ለራሷ እንደምትይዘው ደጋግማ። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኋትም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ አባዬና እማዬ "ክርስትና ተጠርተናል" ብለው ለባበሱ። እማዬ ደማቅ ቀሚሷን አድርጋለች፤ አባባ "ያምራል፣ ልጁን ያሳድግላቸው" ብለው መረቁ። በመስኮት ሳይ እማዬ መኪናው ውስጥ በቀሚሷ ላይ ጥቁር ደረበች። የሽመልስን አርባ ሊያወጡ ነበር የሚሄዱት። እኔና አባባ ደግሞ በዚያው ሰዓት ናኒ ቤት ሄድን። አባባ ለሽመልስ ቪዛ ለመኑ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። በሩ ገጠመ ተባለ። አባባ ትንሽ ትንሽ መራመድ ሲጀምሩ፣ ሐኪሙም "አሁን ጥሩ ናቸው" ሲል፣ የመርዶው ቀን ተቆረጠ። አባዬና እማዬ እርስ በርስ አይተያዩም። ቀን ተቆረጠ።

ያን ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ አባባ ሻያቸውን ይዘው መስኮት ጋ ቆመዋል። ታች መኪና በመኪና ላይ ፓርክ ያደርጋል። "ምንድነው ዛሬ? የማን ሠርግ ነው?" አሉ እየሳቁ። ከዚያ ሰዎቹ ከየመኪናው ሲወርዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አዩ። ሞራ የጋረደው ዓይን ያቺን አላጣትም። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ።

"ማን ነው?" አሉ። ወደ አባዬ ዞሩ። "ማን ነው? ንገረኝ፣ ማን ነው?"

ሳሎኑ ሞላ። ከታኮማ የመጡት ሽማግሌ ጠጋ ብለው ክንዳቸውን ያዙ። "ይጽኑ፣ አባቴ። ሽመልስን እግዜር ወስዶታል።"

እኔ ሶፋው ጀርባ ተሸጉጬ የአባባን ደረት ነበር የማየው። አሁን ቀጥ ይላል፣ አሁን ቀጥ ይላል እያልኩ። አልቆመም። ከዚያ ደረት የወጣውን ጩኸት ግን ይኸው እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ ሕንጻው ተናወጠ። ሲበርድላቸው ግን አባባ ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቁ።

"መቼ?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"መቼ ነው ልጄ የሞተው?"

"ሰኔ ላይ" አለ አባዬ፣ ወለሉን እያየ።

"አርባውስ?"

"አውጥተናል፣ አባባ።"

"ያለ እኔ?" አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። "ልጄ አፈር ለብሶ፣ እኔ የኤምባሲ ቀጠሮ ስለምንለት ከረምኩ? ነፍሱን ይማር የምልበትን አፍ፣ ለሞተ ልጄ ቪዛ ስጡልኝ ስልበት ከረምኩ? አባት ነኝ እኔ? ምን አደረጋችሁኝ?" አባዬ እግራቸው ላይ ወደቀ። በእጃቸው ገፉት። "ዞር በልልኝ! ሰላም ይልዎታል እያልክ! ከዚህ ቤት አውጡኝ፣ ዛሬውኑ አገሬ መልሱኝ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰው ቢለምን፣ ሽማግሌው ቢለምኑ፣ ወይ ፍንክች። እማዬ "ልባቸው፣ ልባቸው" እያለች ትንቀጠቀጣለች። አባባ ልባቸው ሳይቆም ከልጃቸው ሊቆራረጡ ነው።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ ጩኸቱን የሰማ ሰው ጠርቷቸው ነው። ከኋላቸው የናኒ ድምፅ መጣ። "ልጃቸው ሞቶባቸው ነው፤ ሐዘን ነው" አለቻቸው። ፖሊሶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ይቅርታ ብለው ሄዱ። ናኒ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ከሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ በዓይኗ ጠራችኝ።

"ንገሪያቸው" አለችኝ። "ስሙን ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ በየማታው ለልጃቸው መብራት አብርቻለሁ። እሳቸው ሲለምኑ፣ እኔ ለልጁ ነፍስ ስጸልይ ነበር። ንገሪያቸው፣ ልጃቸው ያለ ጸሎት አልከረመም።"

አንገቴ ላይ እጄን አደረግሁ። ከዚያ ለአባባ ጀርባ ነገርኩት፣ ቃል በቃል።

አባባ ቀስ ብለው ዞሩ። "የት ነው ያበራችው?"

"እዚያው ሥዕሉ ፊት።"

"አቦ ፊት?"

እማዬ ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ ዝም በይ ለማለት። እኔ ግን ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "አቦ አይደሉም፣ አባባ። ሺቫ ይባላል። የእነሱ አምላክ ነው።"

"በስመ አብ!" አለ ቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ። አንዷ ሴት አፏን ያዘች፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ፣ አባዬ ካለበት ወለል ላይ ቀና ብሎ በድን ሆኖ ቀረ። አባባ ናኒን አዩአት። ከዚያ እኔን። ከንፈራቸው ነጥቷል።

"ምን የሚያደርግ አምላክ ነው?" አሉ።

"ሰው ሁሉ ሙታኑን ትቶ ሲሄድ፣ እሱ ከሞተው ጋር ይቀራል ትላለች።" ለቅሶዬ እየመጣ ነው። "ዓለሙን ሊገድል የነበረውን መርዝም ጠጥቷል። ቢውጠው ይሞታል፣ ቢተፋው ሌላ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ጉሮሮው ላይ ይዞት ይኖራል።"

የአባባ ዓይን ከኔ ላይ ተነሥቶ እግራቸው ሥር ወዳለው ወደ አባዬ ሄደ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያዩት ያኔ ነው። ከስቷል፤ ሰመሩን ሙሉ እራት በልቶ አያውቅም።

"አንተ" አሉት። "ወንድምህን ቀብረህ፣ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠህ ሰላም ይልዎታል የምትለኝ፣ እንዴት አስችሎህ ነው?"

አባባ የአባዬን ጭንቅላት ስበው፣ ገና ያልጠገገ ደረታቸው ላይ አደረጉት። እማዬ "ቁስሉ!" ብላ ልትነሣ ስትል በእጃቸው መለሷት። አባት እና ልጅ ያኔ ነው አብረው ያለቀሱት።

ሲበቃቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ናኒ ተመለከቱ። "ንገሪያት" አሉኝ። "እኔ ከእንግዲህ እዚያ አልሳለምም። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ፤ አቦዬ ይቅር ይበሉኝ። እንዳይከፋት አድርገሽ ንገሪያት።"

ነገርኳት። ናኒ ገብቶኛል በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"ደግሞም" አሉ አባባ፣ "ሽመልስ ብላ አትጥራው። ሽመልስ የዓለም ስሙ ነው። ሰው ለነፍሱ ሲጸለይለት በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። ይኸን ሁሉ ጊዜ በማያውቀው ስም ስትጠራው ከርማ ይሆናል።" ሽማግሌው የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባባ አላዩአቸውም። ወንበራቸውን ወደ ናኒ አስጠጉ። "ገብረ ማርያም ነው። በያት።"

"ጋብሬ ማሪያም" አለች ናኒ።

"ገብረ" አሉ አባባ፣ እንደ ፊደል አስተማሪ ቀስ ብለው። "ገብረ ማርያም።"

"ገብረ ማርያም።"

"እንደሱ" አሉ። "እንደገና በይው።"